ከቤተልሔሙ ጀርባ የሚሰማው ሳቅ

ጥቅምት ፲፭ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.፣ ዓርብ

ነፋስ ነበር። አቧራው የልጆቹን ዓይን አላስገልጥ አለ። ሠላሳ አራት መጥተዋል። የግራሩ ጥላ አይበቃቸውም። ዳር ያሉት ፀሐይ ሲመታቸው ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ውስጥ ያሉት ወደ ውጭ ይገፋሉ... ግማሹ ጠዋት በመገፋፋት አለቀ።

ሰንበታ ዛሬም «ጸ» አልወጣለትም። የሐዲድ ሠራተኛው ልጅ ነው፤ ቤታቸው ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚነገረው። ሰባት ጊዜ አስደገምኩት። ሰባተኛው ላይ ዓይኑ እንባ ሞላ። አልመታሁትም። አለንጋዬን ግን ከጉልበቴ ላይ አላወረድኩም።

ከሰዓት በኋላ የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ሙሉብርሃን፣ አስጠሩኝ። «ልጆቹ በዝተውብሃል መሪጌታ፣ ረዳት አምጥቼልሃለሁ» አሉ። ከዝዋይ ደሴት የመጣ ዲያቆን ነው አሉ። ትንንሾቹን ይይዛል፣ ትልልቆቹ ለኔ ይቀራሉ።

ረዳት አልጠየቅኩም። ከቡልጋ ወደ አዳማ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ዘጠኙንም ዓመት ብቻዬን አስተምሬያለሁ። ስመጣ ፊደል የለየ ልጅ አምስት አይሞላም ነበር። ዛሬ ባቡር ጣቢያው ላይ ደብዳቤ የሚያነቡት የኔ ልጆች ናቸው።

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጥቅምት ፲፱፣ ማክሰኞ

መጣ። መርዳሳ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል። ረዥም፣ ቀጭን፣ እግሩ እንደ ሽመላ። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመና «የኔታ፣ ከእርስዎ ለመማር ነው የመጣሁ» አለ። ደግ ይመስላል። አሥራ ስምንት ትንንሾች ወስዶ ከቤተልሔሙ ጀርባ፣ መገበሪያው ከሚዘጋጅበት ቤት ኋላ፣ አስቀመጣቸው።

ጥላዬ ሰፋ። ጥሩ ነው።

ጥቅምት ፳፩፣ ሐሙስ

ዳዊት እያስደገምኩ ሳለ ከቤተልሔሙ ጀርባ ሳቅ ተሰማ። የአንድ ልጅ ሳቅ አይደለም። የአሥራ ስምንት ልጅ ሳቅ፣ ባንድ ጊዜ። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና።

የኔዎቹ አንገታቸው ወደዚያ ዞረ። ጆቴ የሚባለው፣ ከሁሉ ቀልጣፋው፣ ቃሉን መሐል ላይ ትቶ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሄጄ አየሁ። ዲያቆኑ በአራት እግሩ ሆኗል። ሰንበታ ጀርባው ላይ ተቀምጦ በሰንበሌጥ ይመታዋል። የበለዓም አህያ መሆኑ ነው። መልአኩን አይታ አልሄድም ያለችው። አህያዋ ድንገት ዞር ብላ በኦሮምኛ ተናገረች፦ «ማፍ ና ሩኩታ?» ለምን ትመታኛለህ? ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

መጽሐፉ ውስጥ አህያዋ መናገሯ እውነት ነው። በኦሮምኛ ነው ግን አይልም።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። አለንጋዬን ጠበቅ አድርጌ ይዣት ኖሯል። ጣቴ ላይ ምልክቷ ቀርቷል።

ጥቅምት ፳፮፣ ማክሰኞ

እራት ላይ ልጄ ዘርፉ ተንበርክካ እንደ አህያ አናፋች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ምሳዬን ይዛልኝ ስትመጣ እዚያ ቆማ ስታይ ነበር ለካ። እናቷ አረጋሽ ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

ለመጨረሻ ጊዜ አረጋሽን ያሳቅኳት መቼ ነው? አስቤ አስቤ አላገኘሁም።

«ከማን ተማርሽ?» አልኳት ልጄን።

«ከየኔታ» አለች።

«የኔታ እኮ እኔ ነኝ» አልኩ።

አየችኝ። «ከሌላው የኔታ» አለች።

ኅዳር ፪፣ ሰኞ

ሁለት ልጆች ሽንታችን መጣ ብለው ሄዱ። አልተመለሱም። እዚያ አገኘኋቸው።

ኅዳር ፭፣ ሐሙስ

ነገሩ ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ? እኔም የሚያስቅ ነገር አውቃለሁ። ቆሎ ተማሪ ሳለሁ ያጋጠመኝ አለ። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብዬ ስለምን ውሻ መጣብኝ። ለምዴን ጣልኩለት። ውሻው በግ መስሎት ከለምዱ ጋር ሲታገል ውሎ ደክሞት ተኛበት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲስቅ ነበር ያን ጊዜ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጓሮ ሆኜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ ተለማመድኩት። አረጋሽ በመስኮት ብቅ ብላ «ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?» አለችኝ። ጸሎት ነው አልኳት።

ኅዳር ፮፣ ዓርብ፣ ቁስቋም

ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የሰፈሩን ስም ነገርኩ። ከዚያ ዓመተ ምሕረቱን። ከዚያ ለምድ ከምን እንደሚሠራ ገለጽኩ፤ ካላወቁት አያስቅም ብዬ። ውሻው ጋ ስደርስ ሁሉም እጃቸውን አጣምረው፣ እንደ ድጓ አድምጠውኛል። ጨረስኩ። ጠበቅኩ።

ጆቴ እጁን አነሣ። «የኔታ፣ ውሻው ሞተ?» አለ።

አልሞተም፣ ተኛ እንጂ አልኩ። ከፊት የተቀመጠው ትንሹ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ለኔ አዝኖ፣ «የኔታ፣ አሞዎታል?» አለኝ።

ዳዊት ቀጠልን።

ከቤተልሔሙ ጀርባ... መጻፍ አያስፈልግም።

ኅዳር ፲፪፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ታቦት ወጥቶ ገባ። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ከሞጆ፣ ከወንጂ በኩል ሳይቀር መጥቷል። ከአጥሩ ሥር ሴቶች ሰብሰብ ብለው ሲያወሩ ሰማሁ። «ልጄ ድሮ ቤተ ክርስቲያን ሂድ ስለው አልጋ ሥር ይደበቅ ነበር፤ አሁን ቀድሞኝ ይነሣል» ትላለች አንዷ። «ያ ረዥሙ ዲያቆን እኮ ነው» አለች ሌላዋ። በአጠገባቸው አለፍኩ። ሰላምታ ሰጡኝ። ስለኔ ማንም ምንም አላለም። ክፉም እንኳ።

ከበዓሉ በኋላ አለቃ ጠሩኝ። ለጥምቀት ሕፃናቱ በታቦቱ ፊት የሚዘምሩትን መርዳሳ ይምራው አሉ። «አንተ ደክመሃል፣ ትንሽ ዕረፍ።»

አልደከምኩም። ዘጠኝ ጥምቀት መርቻለሁ። አንድ ጊዜም ዜማ አልተበላሸም፣ አንድ ልጅም ከሰልፍ አልወጣም። ማንም ስቆ አያውቅም እንጂ።

አረጋሽ ምን ሆነዋል ትለኛለች። ምን ልበላት? አንድ ሰው ልጆች ስለሚወዱት ሆዴ ተቃጠለ ልበላት?

ኅዳር ፲፮፣ ሰኞ

ዛሬ ያየሁትን በትክክል ልጻፍ። በኋላ ለራሴም እንዳላጣምመው።

ምሳ ሰዓት ነው። በድንጋዩ ቅጥር ማዶ ቆሜያለሁ። (ለምን እዚያ ሄድኩ? ለማየት። ምን እንደሚያደርግ ለማየት።) ሰንበታ ተነሥቶ የአለቃን አካሄድ አስመሰለ። አለቃ ግራ ጉልበታቸው አይታጠፍም፤ እግራቸውን ወደ ጎን ወርውረው ነው የሚራመዱት፣ በየሦስተኛው እርምጃ ካባቸውን ይስቡና «እህህ» ይላሉ። ልጁ ሁሉንም አደረገው። ካባ ስለሌለው ጋቢውን ሳበ። «እህህ»ው ሳይቀር።

ልጆቹ ፈነዱ። መርዳሳም ሳቀ፤ አመለጠው። ከዚያ ፊቱን በእጁ አበሰና ልጁን ወደሱ ሳብ አድርጎ አንድ ነገር በኦሮምኛ ነገረው። ሰንበታ አንገቱን ደፋ። ሌሎቹም ዝም አሉ። መርዳሳ የልጁን ራስ ዳበሰ፤ ወደ ፊደል ተመለሱ።

ያየሁት ይህን ነው። ይህን ብቻ።

እኔስ? አልሳቅኩም። ሊያመልጠኝ ግን ትንሽ ቀርቶት ነበር። እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ኅዳር ፲፰፣ ረቡዕ

ለአለቃ ነገርኩ።

ውሸት ተናገርኩ? «ከቤተልሔሙ ጀርባ በእርስዎ አካሄድ ይሳቃል» አልኩ። እውነት ነው። «ማን?» አሉ። «ዲያቆኑ ልጆቹን ሲያስቅ አየሁ» አልኩ። ይህም... ያስቃቸዋል፤ ሁሌ ያስቃቸዋል። «በኔ እግር?» አሉ። ዝም አልኩ።

ዝም ማለቴ ነው ውሸቱ። አውቄዋለሁ። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

አለቃ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ቂም አይደለም ያየሁት ፊታቸው ላይ። እንደ ማፈር ያለ ነገር ነው። ሽማግሌ ሰው ሲያፍር ማየት ከባድ ነው።

ኅዳር ፳፣ ዓርብ

ፈረዱ። መርዳሳ ወደ ሞጆ ይሄዳል፣ እዚያ ያለችው ደብር አስተማሪ የላትም። ነገ በባቡር።

ማታ ሊመሽ ሲል ቤቴ ድረስ ሊሰናበተኝ መጣ። አረጋሽ ዳቦ አቀረበችለት። ትንሽ ቆረሰ፣ አልበላውም። ለምን እንደሚሄድ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ስለ ልጆቹ ብቻ ነገረኝ።

ሰንበታ ድምፅ ከፍ ሲልበት ፊደሉ ይጠፋበታል፤ ቀስ ተብሎ ሲጠየቅ «ጸ»ን ይላል። (ይላል? እኔ ዘንድ አንድም ቀን አላለም።) ያ በየምክንያቱ የሚያለቅሰው ትንሹ እናቱ በወባ የሞተችበት ነው፤ ስለ ሞት የሰማ ሲመስለው ነው የሚያለቅሰው። ሌላው ልጅ ደግሞ ግራ ጆሮው አይሰማም፤ አጥፍቶ አይደለም ዝም የሚለው።

ያን ልጅ ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ዝም ስላለ ስንት ጊዜ ገርፌዋለሁ?

በሩ ላይ «ደኅና ይሁኑ የኔታ» አለ። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ። እጄን ልሸሽግ አሰኘኝ።

ኅዳር ፳፩፣ ቅዳሜ፣ ጽዮን

ሄደ።

ኅዳር ፳፱፣ እሑድ

ይህን ሳምንት ሁሉም ልጆች ከግራሩ ሥር ናቸው። ሁሉም የኔ ናቸው። ፀጥ ብለዋል። ከቤተልሔሙ ጀርባ ድምፅ የለም። የፈለግኩት ይህን አልነበረም?

ሠላሳ አራት የነበሩት ሃያ ሦስት ሆነዋል። ወላጆቻቸውን ስጠይቅ አዝመራ ነው ይላሉ። ሊሆን ይችላል።

ዘርፉ ምሳ ስታመጣ አስቀምጣ ትሄዳለች። አትቆይም።

ታኅሣሥ ፬፣ ዓርብ

ሰንበታ ከቀረ ስምንት ቀኑ። ልጠይቅ ቤቱ ሄድኩ። ከሐዲዱ ማዶ፣ ሣር ቤት ናት። እናቱ ዲንቄ በራፉ ላይ ጤፍ ታበጥራለች። እኔን ስታይ ደንግጣ ተነሣች። ልጁ እህል እንቢ ብሏል አለችኝ፣ አማርኛው እየቸገራት። «በሽታ የለበትም። ዝም ብሎ ነው።»

ጭዱ ክምር ኋላ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት፣ እንደተባልኩት። ምን ሆንክ? አልኩት።

አንድ ጭድ አንሥቶ ሰበረው። ከዚያ፦

«እንደ አለቃ ያነከስኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም። እሱ ተው ብሎኛል። ለአለቃ ይንገሩልኝ። ሞጆ እኔ ልሂድ።»

ስምንት ዓመቱ ነው። ሞጆን አይቷት አያውቅም።

  ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለትና ተነሣሁ። ዲንቄ አሥር ጊዜ አመሰገነችኝ። የኔታ ቤቴ ድረስ መጥተው ልጄን ጠየቁልኝ እያለች...

ታኅሣሥ ፭፣ ቅዳሜ

አለቃ ዘንድ አልሄድኩም።

ታኅሣሥ ፮፣ እሑድ

ዛሬም። በራቸው ድረስ ደርሼ ተመለስኩ።

ታኅሣሥ ፰፣ ማክሰኞ

ሄድኩ።

ከደጃቸው ያለው ድንጋይ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ቆሜ ነው የነገርኳቸው። ከመጀመሪያው። አህያዋን፣ ሳቁን፣ ዘርፉን፣ ቅጥሩ ማዶ መቆሜን። ያስመሰለው ልጅ ነው፤ መርዳሳ ተው ብሎታል፤ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ እሱ እንዲመስልዎ አደረግኩ አልኩ። ምክንያቱንም ነገርኳቸው። ቀናሁ አልኩ። 

አለቃ መቋሚያቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ልጁ ምን አደረገ?» አሉ።

አካሄድዎን አልኩ።

«እንዴት አድርጎ?»

ምን ልበል? እግሩን ወደ ጎን...

«አሳየኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። አልነበረም። እኔ መሪጌታ አብተው፣ አርባ አራት ዓመቴ፣ በደብሩ አለቃ ፊት ግራ እግሬን አደርቄ፣ ወደ ጎን ወርውሬ ተራመድኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ካባ ስላልለበስኩ ጋቢዬን ሳብኩ። «እህህ» አልኩ። ላቤ ወረደ። ስዞር ጥምጥሜ ተፈትቶ ዓይኔ ላይ መጣ፣ መንገዱ ጠፋኝ፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ።

ድምፅ ሰማሁ። አለቃ ናቸው። መቋሚያቸው ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። ሳልም ሳቅም ሆኖ፣ እንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ። «እንዲህ ነው የምሄደው? እውነት እንዲህ ነው?» ይላሉ። እንዲህ ነው አልኩ።

ከዚያ ሳቁ አለቀ። ዓይናቸውን አበሱ።

«የሳቅኩት በእግሬ ነው» አሉ። «ባደረግከው አልሳቅኩም። እሱ አያስቅም።»

አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሞጆ ሄጄ ለመርዳሳ በራሴ አፍ እንድነግረውም አዘዙኝ። ለልጁም።

«ለልጁም?» አልኩ።

«ይልቁንም ለልጁ» አሉ።

ታኅሣሥ ፲፩፣ ዓርብ፣ ሞጆ

ትናንት በባቡር ገባሁ። ደብሩ አንድ የእንግዳ ቤት አለው፣ እዚያ ነው ያደርኩት።

ዛሬ ጠዋት ሲያስተምር አገኘሁት። ከወንዙ ዳር ነው። አላየኝም። ትልቅ ዛፍ ኋላ ቆምኩ፤ መደበቅ ልማድ ሆኖብኛል።

ዮናስን ነው የሚያስተምረው። ልጆቹ በሰልፍ እግራቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ዓሣ አንበሪው እነሱ ናቸው። ዮናስ የሆነው ልጅ በእግራቸው መሐል እየዳኸ በሆዱ ውስጥ ያልፋል። ሁለት ልጆች ዓሣው ሞጆ ወንዝ ውስጥ ይገባል አይገባም ብለው ይከራከራሉ። መርዳሳ ከፊት ሆኖ «ዮናስ ሆይ፣ በዚያ ጨለማ ምን ታያለህ?» አለ፣ ድምፁን አወፍሮ። እንደ መጽሐፉ ጸሎቱን እንዲመልስ ነው የጠበቀው።

ከዓሣው ሆድ ውስጥ «የኔታ፣ አንድ ሰው ፈስቷል» የሚል መልስ መጣ።

ዓሣ አንበሪው ተበታተነ። እኔም። ዛፉን ይዤ ሳቅኩ። ሆዴን እስኪያመኝ። በመጨረሻ ቁጭ አልኩ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ከሳቅኩ? ልጆቹ ዞረው አዩኝ። መርዳሳም።

ልጆቹን ከሸኘ በኋላ ነገርኩት። ሁሉንም። ሲያዳምጠኝ ሣር እየነጨ ነበር።

«አውቄያለሁ» አለ። «ያን ቀን በቅጥሩ ላይ ጥምጥምዎን አይቼዋለሁ።»

ታዲያ ለምን ለአለቃ አልተናገርክም? አልኩት።

«እኔም ንጹሕ ስላልነበርኩ» አለ። አንድ ቀን አለቃ የሱን ልጆች ጠርተው መልእክተ ዮሐንስ አስነብበዋቸው ነበር አለኝ። አንዱም አንድ መሥመር አልዘለቀም። ከዚያ ከኔ ልጆች አንዱን ጠሩ፤ ጆቴን። ምዕራፉን ሳይደናቀፍ ወጣው። «ያን ቀን ጠላሁዎት የኔታ። የኔዎቹ ይስቃሉ፣ የርስዎዎቹ ያነባሉ። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ሲከሱኝ ከሆዴ አንዱ ወገን፣ ይገባሃል፣ ከነሳቅህ ሂድ አለኝ።»

በኔ? በኔ የሚቀና ሰው ነበር? ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ በዚህ ደስ አለኝ።

ተመለስ፣ አለቃ ፈቅደዋል አልኩት። ልጆቹ ወደሄዱበት አየ። «እዚህ ሌላ የለም» አለ። «እዚያ እርስዎ አሉ።»

ነገ ማለዳ ለልጆቹ መልእክተ ዮሐንስን ላስጀምርለት ተስማማን። እሱ ከኋላ ተቀምጦ ያያል።

ታኅሣሥ ፲፬፣ ሰኞ

ሰንበታ መጣ። ትናንት እናቱ ዘንድ ልኬ ነበር።

ለብቻው ልነግረው አሰብኩ። ከዚያ ተውኩት። ጥፋተኛ ሆኖ የተቀመጠው በሁሉም ፊት ነው። ስለዚህ በሁሉም ፊት ነገርኩት። መርዳሳ የሄደው ባንተ አይደለም፣ በኔ ነው፤ እኔ ነኝ እውነቱን ያስቀረሁት፤ አለቃም አውቀዋል፣ አልተቀየሙህም አልኩ።

 ሰንበታ ግንባሩን ቋጥሮ ነገሩን መረመረው። ከዚያ ከልቡ፣ እንደ ዳኛ፦

«ታዲያ የኔታን ማን ይገርፋል?»

መጀመሪያ አንዱ አፍኖ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ። ከዚያ ሁሉም። ግራሩ ሥር፤ ከቤተልሔሙ ጀርባ አይደለም። የሳቁት በኔ ነው፤ ግን ምንም አላመመኝም። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አለቃ አርባ ስግደት ሰጥተውኛል አልኩ። የት ነው የሚሰግዱት? አሉ። መቼ? እንይዎት? እሺ፣ በግዕዝ ከቆጠራችሁልኝ አልኩ። ከጆቴ በቀር እስከ ዐሠርቱ፣ እስከ አሥር እንኳ፣ የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ሰገድኩ፣ ጆቴ እየመራቸው ቆጠሩ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ... ዐሠርቱ ወተስዓቱ፣ አሥራ ዘጠኙ ላይ ስደርስ ጆቴ ደገመው። ሁለት ጊዜ ዐሠርቱ ወተስዓቱ። ሆን ብሎ ነው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። አርባ አንድ ሰገድኩ።

ስንጨርስ ሁሉም እስከ አርብዓ ያውቁ ነበር። በአንድ ጠዋት። በአለንጋ ሁለት ወር ይፈጅብኝ የነበረውን።

ጉልበቴ ግን ተቃጥሏል። አረጋሽ ቅቤ ቀባችኝ። ጆቴ ያደረገውን ነገርኳት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ማክሰኞ፣ ልደት

ሃያ ዘጠኝ ልጅ። ሰንበታ «ጸጋ» አለ። ጥርት አድርጎ። ሰምቶ ራሱ ደነገጠ።

ጥር ፫፣ ቅዳሜ

አለቃ የጥምቀቱን መዝሙር ለማን እንደሚሰጡ ጠየቅኳቸው። «ለሁለታችሁ» አሉ። «አንተ ዜማውን ትይዛለህ፣ እሱ ልጆቹን ይይዛል።» ሞጆ ላኩበት፣ ለበዓሉ ይመጣል። ልጆቹ ከሰሙ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ዛሬ ዜማ ሳስጠና ስለሱ ሦስት ጊዜ ተጠየቅኩ። ሦስተኛው ላይ ቆጣ አልኩ።

ጥር ፲፣ ቅዳሜ፣ ከተራ

ታቦቱ ሳይወጣ፣ የመጨረሻውን ልምምድ እያደረግን ሳለ የባቡሩ ፉጨት ተሰማ። ልጆቹ አንድ አፍታ አዩኝ። ሂዱ አላልኩም። አትሂዱ ግን አላልኩም። ተነሡ። ሁሉም፤ ዜማውን መሐል ላይ ትተው። ያ ግራ ጆሮው የማይሰማው እንኳ ሌሎቹን አይቶ ተነሣ። ዘርፉ ከፊት ነበረች። ልብሳቸው ነጭ፣ አቧራው ቀይ፣ ወደ ጣቢያው ቁልቁል... «መርዳሳ» እያሉ።

ቆጠቆጠኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ ይህችን የሚያነብ ሌላ የለም። አሁንም ቆጠቆጠኝ። እኔ ከሞጆ ስመለስ ጣቢያው ላይ የጠበቀኝ ልጅ አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት አስተምሬ ስሜን እንዲህ ጠርቶ የሮጠልኝ የለም። ወደፊትም ላይኖር ይችላል። ይህ ነገር ከሆዴ ሙሉ በሙሉ ይወጣ እንደሆነ አላውቅም።

ግን ይህን ሁሉ ሳስብ ቆሜ አልነበረም። ሐዲዱ ጋ ስደርስ ነው ያስተዋልኩት፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ከኋላ ቀርቶ።

እኔም እሮጥ ነበር።